በጅማ ገጠር የተደበቀ ሣጥን ፍለጋ፦ ስለ ጂኦካሺንግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ከጅማ ከተማ በአጋሮ መንገድ ወጥተን፣ በቡናና በዋንዛ ጥላ ሥር አንዲት ክዳኗ የጠበቀ ሣጥን ስንፈልግ ዋልን። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰሙ ባልደረቦች፣ የጎረቤት ልጆችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሡብኛል። መልሴን እዚህ አኑሬዋለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ በጥቂት መስመር ያልቃል። በሰው መሬት ላይ ስለ መፈለግ የሚነሣው ግን ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል፤ እኔና ጓደኛዬ ተሳስተን የተማርነው እሱን ነውና።

ጂኦካሺንግ ምንድን ነው?

ልጅ ሆናችሁ «ኩኩሉ!» እያላችሁ ድብብቆሽ ተጫውታችሁ ከሆነ ግማሹን ታውቁታላችሁ። እዚህ የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። አንድ ሰው ውኃ የማያስገባ ሣጥን ወይም ብልቃጥ በአንድ ቦታ ይሸሽጋል፤ የቦታውን ቁጥር፣ ማለትም ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን፣ ለሌሎች ያሳውቃል። ፈላጊው ያለበትን ቦታ በሳተላይት ምልክት በሚያሳይ የጂፒኤስ መሣሪያ ወይም በስልኩ እየተመራ ይሄዳል። ሣጥኑን ሲያገኘው በውስጡ ባለው ትንሽ ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ከዚያም ሣጥኑን በነበረበት ቦታ፣ እንደነበረ አድርጎ ይመልሳል። ሽልማት የለውም። የሚቀረው የተፈረመበት ደብተርና የተጓዙበት መንገድ ነው፤ ለእኔ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ጨዋታው መቼና እንዴት ተጀመረ?

ጂፒኤስ የተሠራው ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ነው። ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚለቀቀው ምልክት ለብዙ ዓመታት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር፣ መሣሪያው የሚያሳየው ነጥብ ከትክክለኛው ቦታ እስከ 100 ሜትር ሊርቅ ይችል ነበር። በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ውሳኔ ይህ ማዛባት በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000) ቆመ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሪገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አካባቢ፣ ደብተርና እርሳስ ከአንዳንድ ዕቃዎች ጋር የያዘ ባልዲ አስቀመጠና ቁጥሩን በኢንተርኔት ለቀቀ። የሰጠው መመሪያ አጭር ነበር፦ የሆነ ነገር ውሰዱ፣ የሆነ ነገር ተዉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰዎች አገኙት። «ጂኦካሺንግ» የሚለው ስም የወጣውም ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ነው።

ጅማ አካባቢ የተመዘገበ ሣጥን አለ ወይ?

ይህን የሚነግራችሁ የጨዋታው መተግበሪያ ካርታ ነው። ሣጥኖች ይጨመራሉ፣ ይሰረዛሉም፤ ስለዚህ ለመውጣት ባሰባችሁበት ሳምንት ካርታውን ተመልከቱ። እኔና ጓደኛዬ ግን ካርታውን አልጠበቅንም። ተራ በተራ፣ አንዱ ይደብቃል፣ ሌላው ይፈልጋል። የሚያስፈልገው ሁለት ስልክ፣ አንድ ሣጥንና አንድ ሙሉ ቀን ነው።

ሣጥናችሁን በይፋ ማስመዝገብ ከፈለጋችሁ ደንቡ ጠንከር ይላል። ፈቃደኛ ገምጋሚዎች ሳያዩት በካርታው ላይ አይወጣም። ከሌላ ሣጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው። ባለቤቱም በየጊዜው እየሄደ የሚያየው፣ የረጠበውን ደብተር የሚለውጥ መሆን አለበት። በመንገደኝነት አልፎ የሚሄድ ሰው ደብቆ እንዲጠፋ አይፈቀድለትም። ይህ ደንብ ትክክል ይመስለኛል፤ ዞሮ የሚያየው የሌለው ሣጥን ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሻሻ ነው።

ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ይሠራል?

ይሠራል። ስልካችሁ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ነው። ቢያንስ የአራቱን ሲያገኝ ነጥቡንና ከፍታውን ያሰላል። ስልኩ ምልክቱን ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም፤ ሲም ካርድ ባይኖረውም ቦታውን ያገኛል። ኔትወርክ የሚያስፈልገው የካርታውን ሥዕል ለማምጣት ነው። ስለዚህ ካርታውን ከቤት ሳትወጡ አውርዳችሁ በስልኩ ላይ አስቀምጡ።

ኔትወርክ በሌለበት የመጀመሪያውን ነጥብ ለማግኘት ስልኩ ጥቂት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ገላጣ ቦታ ላይ ቁሙና ታገሡት። ባትሪውም በፍጥነት ያልቃል፤ የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፉ፤ ተጨማሪ የኃይል ማከማቻ ካላችሁ ያዙ። የእጅ ጂፒኤስ መግዛት ለጀማሪ አያስፈልግም።

የቦታ ቁጥሩን እንዴት ነው የማነበው?

ይህን በደንብ አንብቡት፤ እኔን ግማሽ ቀን አስከፍሎኛል።

ቁጥሩ በተለያየ መንገድ ይጻፋል። የጂኦካሺንግ ልማድ ዲግሪና ደቂቃ ነው፤ ለምሳሌ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ42.600 ደቂቃ። ብዙዎቹ የስልክ ካርታዎች ደግሞ ዲግሪውን ብቻ ከነአስርዮሹ ያሳያሉ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 42.600ን ለ60 ስታካፍሉ 0.71 ይመጣል፤ በስልኩ ላይ የሚጻፈው እንግዲህ 7.71000 ነው። እኔ ግን የመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛዬ በወረቀት የሰጠኝን ደቂቃ ሳላካፍል ከነጥቡ ቀጥዬ 7.426 ብዬ ጻፍኩት፤ ኬንትሮሱንም እንዲሁ። ስልኩ የቦንጋን መንገድ አቅጣጫ አሳየኝ፤ ከሣጥኑ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነጥብ ነበር። ጓደኛዬ እስክደውልለት ድረስ መኪና እየጠበቅሁ መናኸሪያ ቆሜ ነበር።

ለእኛ የሚመች አንድ ነገር አለ። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የኬክሮስም የኬንትሮስም አንድ ዲግሪ ርዝመት እኩል ሊባል ይችላል፦ ሁለቱም 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ አራተኛው አኃዝ በአንድ ሲለወጥ ቦታው 11 ሜትር ገደማ፣ አምስተኛው ሲለወጥ አንድ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ያለ ካርታም፣ ቁጥሩን ብቻ እያየ፣ ወደ ሰሜን ስንት እርምጃ እንደቀረው መገመት ይችላል።

ነጥቡ ላይ ቆመን ሣጥኑ የለም። ስልኩ ተሳስቷል ማለት ነው?

ተሳስቶ ይሆናል፤ ጥቂት ብቻ። ገላጣ ሰማይ ሥር ጥሩ ስልክ በአምስት ሜትር አካባቢ ይሳሳታል። በጅማ ግን ገላጣ ሰማይ የሚገኘው በእርጥብ መሬቱና በግጦሹ ላይ ነው። ቡናው ውስጥ ስትገቡ ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳና ብሳና ቅርንጫፋቸውን አገናኝተው ጣራ ይሠራሉ። ምልክቱ በቅጠል ይደክማል፣ በግንድ ላይ ይነጥራል፤ ስሕተቱም በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ ያድጋል። የደበቀው ሰውም ቁጥሩን ሲመዘግብ እዚያው ጥላ ሥር ስለነበር የእሱ ስሕተት በእናንተ ስሕተት ላይ ይደመራል። ጥሩ ደባቂ ቁጥሩን ሦስትና አራት ጊዜ፣ ከተቻለም በተለያየ ቀን መዝግቦ አማካዩን ይወስዳል።

ስለዚህ ስልኩ አሥር ሜትር ቀረ ሲላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱትና ዓይናችሁን ተጠቀሙ። እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሥር የፈለቀቀው ጉድጓድ፣ ሁለት ቅርንጫፍ የተገናኙበት ጉጥ፣ ሌሎቹ ድንጋዮች ሽበት አብቅለው ብቻውን ያላበቀለ ድንጋይ፤ እነዚህ ናቸው የሚናገሩት። ጉድጓድ ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት ዱላ ይግባ። እባብ ባይኖር ጉንዳን ይኖራል፤ ሁለቱም ባይኖሩ ሳማው አለ።

የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ መፈለግ ይቻላል? ሰዎች ቢያዩንስ?

በውጭ አገር የተለመደው ምክር የማይጫወት ሰው እንዳያያችሁ ተጠንቀቁ፣ ካያችሁም ሌላ ነገር የምትሠሩ ምሰሉ የሚል ነው። ዓላማው ሣጥኑ እንዳይወሰድ መጠበቅ ነው። በጅማ ገጠር ይህን ምክር አትከተሉ። ከምንም በላይ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው።

ከመንገድ ዳር ሆናችሁ ስትመለከቱት ባዶ ደን የሚመስለው አብዛኛው የሰው ጓሮ ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች በታች ያለው ቁጥቋጦ ቡና ነው፤ ባለቤቱ ግንዱን አንድ በአንድ ያውቀዋል። ከለቀማው በፊት ሥሩን የመነጠረው፣ ጥላው እንዳይበዛ ቅርንጫፍ የቆረጠው እሱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ቀይ ፍሬ በየቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ፣ የበዓል ልብስ፣ ያለፈ ብድር፣ ሁሉም ከዚያ ፍሬ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ከቡና መካከል አጎንብሶ የሚገኝ እንግዳ ሰው ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት።

ሁለተኛው ነገር በእጃችሁ ያለው መሣሪያ ነው። ለገበሬው ጂፒኤስ አዲስ አይደለም፤ መሬት ሊለኩ የመጡ ሰዎች ይዘውት አይቷል። አንድ የማይታወቅ ሰው ስልኩን ወደ ፊቱ ዘርግቶ፣ እርምጃ እየቆጠረ፣ ድንበር ላይ ቆሞ ቁጥር ሲጽፍ ገበሬው የሚያየው ጨዋታ አይደለም። መሬቴ ሊወሰድ ነው ወይ ብሎ ይሰጋል። ይህ ስጋት ከየት እንደመጣ ማንም ኢትዮጵያዊ ያውቃል፤ እንደ አላዋቂነት መቁጠር ነውር ነው።

ካቻምና ኅዳር እኔና ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ዘንግተን ነበር። ያን ጊዜ እሱ ሣጥኑን ከመንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በአንድ የማሳ ድንበር ላይ ካለ የድንጋይ ክምር ውስጥ አኑሮት ነበር። እኔ ስልኬን እያየሁ በክምሩ ዙሪያ ስሽከረከር መጀመሪያ ሁለት ልጆች መጡ፤ ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስምንት ሰው ከበበን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ጎልማሳው በእርጋታ «ማን ልኳችሁ ነው የምትለኩት?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ በአፋን ኦሮሞ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ነገር ግን ከተያዙ በኋላ የሚነገር እውነት እንደ ሰበብ ይሰማል። ሣጥኑን አውጥተን ከፍተን፣ ደብተሩንና እርሳሱን አሳየን። ይቅርታ ጠየቅን፤ እነሱም ይቅር አሉን። ሣጥኑን ይዘን ተመለስን። በመንገድ ላይ ሁለታችንም አልተነጋገርንም።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ሌላ ነው። ነጥቡ ወደሚገኝበት ማሳ ከመግባታችን በፊት ወደ ቤቱ እንሄዳለን። «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «አካም ጅርቱ» ብለን ከአጥሩ ውጭ እንቆማለን። ሰላምታው እስኪያልቅ አንቸኩልም፤ የልጆች ደኅንነት፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ነገር ይጠየቃል፣ ይመለሳል። ከየት እንደመጣን፣ የማን ልጆች እንደሆንን እንናገራለን። ከዚያ በኋላ ነው ሣጥኑን ከቦርሳ አውጥተን ነገሩን የምናስረዳው። ስልኩንም እንሰጣቸዋለን፤ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ በገዛ ዓይናቸው ይዩት። እሺ ካሉ እናመሰግናለን፤ «ገለቶማ» የምትለውን ቃል ያላወቀ ሰው ከመውጣቱ በፊት ይማራት። እምቢ ካሉም አመስግነን እንሄዳለን፤ ምክንያት አንጠይቅም። በገንዘብ ፈቃድ መግዛትን አልደግፍም፤ እንግድነትን ወደ ንግድ ይለውጠዋል። ባዶ እጅ መሄድ ግን አይገባም፤ ስኳር ወይም ዳቦ መያዝ የቆየ ወግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ጠጡ ትባላላችሁ። እምቢ አትበሉ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሲደርስ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ የጉዞ ዕቅዳችሁ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት። እኛ ስለ አካባቢው ያወቅነውን አብዛኛውን ነገር፣ የትኛው ጅረት ከዝናብ በኋላ እንደማይሻገር፣ የትኛው መንገድ በበጋ ብቻ እንደሚያስኬድ፣ የሰማነው ከጀበና አጠገብ ነው።

ሣጥኑ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ለቀበሌው አስተዳደርም አሳውቁ። የታሸገና ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ በማንኛውም ዘመን ያስደነግጣል። የሚያሳይ ፕላስቲክ ተጠቀሙ፤ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጻፉበት።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ከጥር እስከ የካቲት። ለቀማው ተገባዷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ የገበሬውም እጅ ትንሽ ያርፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ያግዳል፤ ጅረቶቹም ሳይታሰብ ይሞላሉ። ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሡ። ምሽት ላይ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች፤ በእኛ አገር ጀምበር ከገባች ጨለማው ይፈጥናል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ የበለጠ። እኛ ሣጥን ተገኘም አልተገኘም በ10 ሰዓት ፊታችንን ወደ መኪና መንገድ እናዞራለን። ዓርብ ከሆነ የጁምዓን ሶላት ሰዓት አስቡ፤ የምትጠይቁት አባወራ መስጊድ ነው።

ምን እንያዝ?

ውኃ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጠንካራ ጫማ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ዱላ። ሁለት እርሳስ። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት፣ ምክንያቱም ስልክ ይሞታል። ቆሻሻ የምትሰበስቡበት ፌስታልም ያዙ፤ ሲፈልጉ ያገኙትን ቆሻሻ ለቅሞ መመለስ በዚህ ጨዋታ በዓለም ዙሪያ የተለመደ መልካም ልማድ ነው። ሽቶ አትቀቡ። ንቦች ሽታውን አይወዱትም፤ የጅማ ዛፍ ደግሞ ቀፎ አያጣም።

ሣጥን የት መደበቅ የለበትም?

ቀፎ በተሰቀለበት ዛፍ ላይ ወይም አጠገቡ በጭራሽ። በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመቃብር ቦታ፣ ሰው ውኃ በሚቀዳበት ምንጭ፣ በቡና ማድረቂያ አልጋ ሥር፣ በድልድይ፣ በግድብ፣ በአየር ማረፊያና በማንኛውም የጸጥታ ተቋም አካባቢ አይደበቅም። ቦዬ ረግረግ ለዓይን ያማልላል፤ ነገር ግን ጉማሬ ያለበት ውኃ ዳር ሰውን አጎንብሶ እንዲፈልግ ማድረግ ኃላፊነት የጎደለው ነው።

ስለ ጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ይህ የእንጨት ሕንፃ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ ነው። በግድግዳው ስንጥቅ፣ በወለሉ ሥር፣ በደረጃው ጀርባ ሣጥን መሸሸግ ማለት ፈላጊው ሁሉ ጣቱን እንዲያስገባበት መጋበዝ ነው። ይልቅ ሌላ መንገድ አለ። ጨዋታው ብዙ ደረጃ ያለው ፍለጋ የሚባል ዓይነት አለው፤ መጀመሪያ አንድ ቦታ ሄዳችሁ የምትቆጥሩትን ቆጥራችሁ፣ ያገኛችሁት አኃዝ ወደ ሚቀጥለው ነጥብ ይመራችኋል። ቤተ መንግሥቱን ቁጥር የሚገኝበት መነሻ አድርጉት፦ መግቢያውን ከፍሎ የገባ ጎብኚ የደረጃዎቹን ወይም የምሰሶዎቹን ብዛት ይቁጠር፤ ሣጥኑ ግን ከዚያ ርቆ፣ ፈቃድ በተገኘበት ቦታ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጨዋታው ለቅርሱ ጎብኚ ያመጣል እንጂ ጉዳት አያመጣም።

ሣጥኑ ውስጥ ምን ይቀመጣል?

ደብተርና እርሳስ ግዴታ ነው። እስክሪብቶ አይሆንም፤ በጅማ እርጥበት ቀለሙ ይፈስሳል። ደብተሩን በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ትንንሽ መለዋወጫ ዕቃም ይቀመጣል፤ የወሰደ ሰው ዋጋው የማያንስ ነገር ይተካል። እኛ ከሸክላ የተሠራች አውራ ጣት የምታህል ጀበናና ከእንጨት የተጠረበች የጅማ በርጩማ አምሳያ አስቀምጠናል። ምግብ አይገባም፦ ጦጣና ዝንጀሮ ባሉበት አገር ምግብ የያዘ ሣጥን አንድ ሌሊት አያድርም። ስለት፣ መድኃኒት፣ ክብሪትና አልኮልም አይፈቀዱም፤ የሚከፍተው ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል?

በደስታ። እያንዳንዱ የተመዘገበ ሣጥን ከ1 እስከ 5 የሚደርስ ሁለት ደረጃ ይሰጠዋል፤ አንዱ ለማግኘት ያለውን ችግር፣ ሌላው የመንገዱን ክብደት ያሳያል። ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ሁለቱም ከ2 አይብለጡ። ስልኩን ለልጁ ስጡት፤ እናንተ መንገዱን ተመልከቱ።

ካላገኘነውስ?

አላገኘነውም ብላችሁ ለባለቤቱ ንገሩት። ብዙ ጀማሪ ይህን ያፍርበታል። ባለቤቱ ግን ሄዶ እስኪያየው ድረስ ሣጥኑ ጠፍቶ እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው በንዴት ድንጋይ መገልበጥ፣ ቅርንጫፍ መስበር፣ ቅርፊት መላጥ ነው። ሣጥኑ ያለ ጉዳት የተቀመጠ ከሆነ ያለ ጉዳት ይገኛል።

መጀመሪያ ያገኘ ሰው ልዩ ክብር አለው ይባላል። ባለፈው ጥር ወር የፈለጋችሁትን ሣጥን መጀመሪያ ያገኘው ማን ነበር?

ክብሩ እውነት ነው፤ በአዲስ ደብተር የመጀመሪያው መስመር ላይ ለመፈረም ሌሊት ተነሥተው የሚሄዱ ተጫዋቾች አሉ። እኔም ያን ቀን ጠዋት ልቤ ውስጥ የነበረው እሱ ነበር።

ጓደኛዬ ሣጥኑን ያኖረው በጥቅምት መጀመሪያ፣ የማሳውን ባለቤት አንድ አዛውንት አስፈቅዶ ነበር። የሰጠኝ ፍንጭ «ከዋንዛው ሥር» የሚል ነው። ስንደርስ አዛውንቱ ገበያ ሄደው ነበር፤ ባለቤታቸው «ግቡ፣ ፈልጉ» ብለው አስገቡን። ለአርባ ደቂቃ ያህል ፈለግሁ። ስልኬ በሦስት ዛፎች መካከል ይዋልላል። አንዱን ብሳና ዋንዛ ነው ብዬ ዞርኩት፤ አብሮኝ ይዞር የነበረ አንድ ልጅ አላስቻለውም፤ ወደ ትልቁ ዛፍ እያመለከተ «ዋዴሳ!» አለኝ። ዋንዛ በአፋን ኦሮሞ ዋዴሳ እንደሚባል ያወቅሁት ያኔ ነው። ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ባዶ ነበር። ጓደኛዬም ደነገጠ፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ፈተሸ።

አዛውንቱ ከገበያ ሲመለሱ ነገርናቸው። አህያቸውን እያራገፉ፣ «የጥቅምት ዝናብ ጉድጓዱን ሞልቶት ነበር። ቤት አግብቻታለሁ፤ ኑ» አሉን። ሣጥኗ ከምሰሶው ላይ፣ ከቁርኣኑ መደርደሪያ ዝቅ ብላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ ተሰቅላ ነበር። ከፈትኳት። ደብተሩ ደረቅ ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ አዛውንቱ ለልጅ ልጃቸው ነግረው በአፋን ኦሮሞ ያስጻፉት ቃል ነበር፤ ስማቸው፣ ቀኑ፣ ቀጥሎም «ውኃ እንዳይገባባት ከዋዴሳው ሥር አንሥቻታለሁ» ይላል።

እርሳሱን ተቀብዬ ከእሳቸው ስም በታች ፈረምኩ። አዲሱን ቦታ የመረጡት እሳቸው ናቸው።